ቁጥሩ ሲወርድ

ሰማንያ እስኪሞላ ድረስ አልፈራም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ሰባ ዘጠኝ ላይ ፈራች።

በወደቡ የሬዲዮ ክፍል የምትሠራው ይህች ሴት ስሟ የቀረው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ቴርሞሜትር» ይላታል። ጠዋት ገብታ እንዴት አደራችሁ ከማለቷ በፊት የኮምፒውተሩን ሙቀት ስለምታይ ነው። ኮምፒውተሩን የምትጠግነው እሷ፣ ካርታውን የምታነበው እሷ፣ ጀልባዎቹን በሬዲዮ የምታናግረው እሷ ናት። ሦስት ሰው መቅጠር የነበረበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ቀጥሮ አንድ ቅጽል ስም መረቀላት።

ክፍሉ ከመጋዘኑ በላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። የአየር ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የቀረው ቦታውን ላለማስነካት ይመስላል። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል የክፍሉ ሙቀት ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ይገባል። ሰው ያንን እያማረረም ቢሆን ይችለዋል። የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ግን፣ ስሌቱን ሁሉ የምትሠራው ያቺ ከብስኩት የማትበልጥ ነገር፣ ማማረር የሚባል አታውቅም። በሠራች ቁጥር ትግላለች፤ በላይዋ የተቀመጠው ባለ ብዙ ቅጠል ብረት ግለቷን ይቀበላል፤ ትንሿ ማራገቢያ ደግሞ ከብረቱ ላይ እየጠረገች ወደ ክፍሉ ትበትነዋለች። መቶ ዲግሪ ከሞላች ራሷን ለማዳን ድርግም ትላለች። ከዚያ ተነሥታ፣ ካርታውን ከፍታ፣ ጀልባዎቹን እስክታገኝ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅባታል። ቴርሞሜትር በሰዓት ለክታዋለች።

በሌላ ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ምንም አይደለም። የጀልባ ነጂ ዓይን አለው፤ ሐይቁን እያየ ይገባል። ዛሬ ግን የሚታይ ሐይቅ የለም። ከረፋዱ ጀምሮ የተነሣው አቧራ ውሃውንና ሰማዩን አንድ ላይ በጥብጦ፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ሁሉ ወተት የበዛበት ሻይ አስመስሎታል። ሃምሳ እርምጃ ላይ ያለው የወደቡ መብራት እንኳ ከዓይን ጠፍቷል። በዚያ ውስጥ፣ ከደሴቲቱ የተነሣ፣ አርባ አንድ ሰው የጫነ አንድ ጀልባ አለ። ነጂው ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ደብተር የገዛላት፣ የተማሪ ቤት ስብሰባ ላይ እንደ ወላጅ የተቀመጠላት እሱ ነው።

ወደ ወደቡ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ቋጥኞች ፊት ለፊት ቆመው መካከላቸው ጠባብ በር ትተዋል፤ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ነፋሱ ዛሬ ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ስለዚህ የሚያስፈራው የቀኙ ቋጥኝ ነው። ጀልባው ላይ ካርታ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ያለችው መላኪያ ብቻ ናት። መላኪያዋ ጀልባው ያለበትን ቦታ በየሴኮንዱ ወደ ወደቡ ትልካለች፤ ኮምፒውተሩ ተቀብሎ፣ የውሃውን ጥልቀትና የነፋሱን ግፊት አስልቶ፣ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያደርገዋል። ቴርሞሜትር ነጥቡን እያየች ትናገራለች፣ ወንድሟ ምንም ሳያይ መሪውን ያዞራል። ለዛሬ ዓይኑ እሷ ናት።

«ሰማንያ ሦስት» አሉ ከኋላዋ የቆሙት አለቃዋ።

«አይቻለሁ።»

አለቃው ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ አመላቸው መዝጋት መውደዳቸው ነው። በር ዝጉ፣ መስኮት ዝጉ፣ መሳቢያ ዝጉ ሲሉ ስለሚውሉ በሌሉበት «አለቃ ዝጉት» ይባላሉ። ዛሬም አቧራው ገና ከሩቅ ሲታይ መስኮቶቹን ሁሉ አስዘግተው፣ ክፍተቱን በእርጥብ ጨርቅ አስወትፈዋል። አቧራ ለኮምፒውተር ነቀርሳ ነው ይላሉ፤ ነገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም። ከቢሮአቸው የራሳቸውን ማራገቢያ ተሸክመው መጥተው ከእሷ ማራገቢያ ጎን አቁመውታል። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዙረው ያጉረመርማሉ። እሷም የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈትታ መሬት ላይ አስቀምጣዋለች። የጋለ ነገር አይቶ እፍ የማይል ሰው የለም።

ሰማንያ ሰባት። ላቡ ከአንገቷ ተነሥቶ በጀርባዋ ይንቆረቆራል፤ የሬዲዮው መያዣ ከመዳፏ ይሙለጨለጫል። ወንድሟን ወደ ግራ ትንሽ እንዲያዞር ነገረችው፤ አዞረ። ሞተሩ ደህና መሆኑን፣ ሕፃናት እያለቀሱ መሆኑን፣ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ቆመው ምክር እየለገሱት መሆኑን ነገራት። የጀልባ ነጂነት ምክር ነው ወይ ብትለው፣ ስለ ትዳር ነው አላት። እንደዚህ የሚቀልደው ሲፈራ መሆኑን ስለምታውቅ አልሳቀችም።

በሩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። በዚህ አዝጋሚ አካሄድ ስምንት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ኮምፒውተሩ አሁን ቢጠፋ ጀልባው በሩ ላይ የሚደርሰው ካርታው እስኪመለስ ሲጠበቅ ነው። ጭንቅላቷ ይህን ሒሳብ እየደጋገመ ይሠራዋል፣ አትሥራ ብትለውም አይሰማትም። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። አጠገቧ ያለውን ውሃ ለመጠጣት ዓይኗን ከስክሪኑ ማንሣት ስላለባት አልጠጣችም።

ዘጠና። ዘጠና አንድ። አለቃው ቁጥር መጥራቱን ትተው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አይለይም። ዘጠና ሁለት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ዛሬ ለእሷ የተተረተ መሰላት።

ከዚያ ቁጥሩ ወረደ።

መጀመሪያ ዘጠና ሆነ። ቀጥሎ ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ። ሰባ አምስት ላይ ደርሶ ረጋ።

አለቃው ተመስገን ብለው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። የእኔ ማራገቢያ ነው አሉ፤ ይኼ ማራገቢያ እኮ ድሮም ጀግና ነው። በዚህ ጊዜ ቴርሞሜትር ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዋ ድረስ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿ ተመለሰ፣ ውሃዋንም ጠጣች። ሬዲዮውን ስታነሣ ድምፅዋ የራሷ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ጋሼ፣ አይዞህ። እዚህ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል። ቀጥ ብለህ ና፣ ስድስት መቶ ሜትር ይቀርሃል።»

«እሺ፣ እህት ዓለም።»

ውሃ ሰውን የሚወስደው እያሳሳቀ ነው። ነጥቡ በካርታው ላይ ጸጥ ብሎ፣ ሳይወላወል፣ ልክ እንደታዘዘው ይመጣል። አምስት መቶ። አራት መቶ። እንደዚህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ስታይ የወንድሟ ሙያ አኮራት። አለቃው ከጀልባው የሚወርዱትን ሰዎች የሚያስቀምጡበት ቦታ ያስቡ ጀመር፤ መጋዘኑ ይሻላል ወይስ የትኬት ክፍሉ?

ወንድሟ ሬዲዮውን ከፈተ። በቀኙ በኩል ውሃ ድንጋይ ሲመታ የሰማ እንደመሰለው ተናገረ።

ነጥቡን አየችው። ከበሩ ገና ሦስት መቶ ሜትር ይርቃል። በአቧራ ውስጥ ዓይን ይሳሳታል፣ ጆሮም እንደዚያው ነው ብላ አሰበች። ካርታው ደግሞ አይፈራም፣ ሕፃን አያለቅስበትም፣ ስለ ትዳር የሚመክረው ሽማግሌ የለም።

«ገና ነህ ጋሼ። ሦስት መቶ ሜትር አለህ። እንዳለህ ና።»

«እሺ» አለ።

ይህ «እሺ» ከበዳት። ወንድሟ በሕይወቱ በአንድ ቃል እሺ ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከእሺ በኋላ አንድ ነገር ያክላል። አሁን ግን ምንም አላከለም። ነጥቡን ትኩር ብላ አየችው። ይሄዳል። ከመጠን በላይ በዝግታ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እግሩን እያነሣ እየጣለ ይሄዳል። ከነጥቡ ሥር፣ ማንም በማያነባት ትንሽ ጽሑፍ፣ መልእክቱ የተላከበት ሰዓት አለ። ስድስት ሰዓት ከሃያ አንድ ይላል። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ከሃያ ሦስት አልፏል።

ሁለቱን ሰዓት ደግማ አየች።

ኮምፒውተሩ አልቀዘቀዘም። ዘግይቷል እንጂ። ባለፈው ማክሰኞ በሥራ መካከል መቶ ሞልቶ ድርግም ሲል አለቃው በእንግዶች ፊት አፍረው ነበር፤ እሷም አምሽታ አንድ ብልሃት አበጀችለት። ከዘጠና ካለፍክ ፍጥነትህን ወደ ሩብ ቀንስ፣ እስክትበርድም በዚያው ሥራ ብላ አዘዘችው። ሳምንቱን ሙሉ አልጠፋም። ጎበዝ ተብላለች፣ እሷም ጎበዝ ነኝ ብላ ከርማ ትእዛዙን ረስታዋለች። ሩብ ፍጥነት ለደብዳቤ መጻፊያ ይበቃል። በየሴኮንዱ የሚመጣውን የጀልባውን መልእክት አስልቶ ካርታ ላይ ለማስቀመጥ ግን አይበቃም። ስለዚህ መልእክቶቹ ዳቦ ቤት በር ላይ እንደተሰለፉ ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ ነው፤ ሰልፉም በየደቂቃው ይረዝማል። የምታየው ነጥብ ወንድሟ ያለበት ቦታ አይደለም። ከሁለት ደቂቃ በፊት የነበረበት ነው። ቁጥሩ የወረደው ሥራው ስለተጓተተ ነበር።

ሬዲዮውን ነጥቃ አነሣችው።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ ስጥ። አሁኑኑ። ካርታው ዘግይቷል፤ ያለህበትን አላውቀውም።»

ከዚያ ሬዲዮው ተከፈተ፣ የሰው ድምፅ ሳይሆን ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ተሰማ፤ ረጅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። ከኋላው ሴቶች ጮኹ። ሬዲዮው ተዘጋ።

ቴርሞሜትር ስሙን ጠራችው፣ ጋሼ አለችው፣ እንደገና ስሙን ጠራችው። አለቃው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ቀሩ። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ፈርታ አታውቅም።

«ነካን» አለ በመጨረሻ። ያለከልካል። «በቀኝ ጎን ነው፣ አልተበሳም። ወደ ኋላ እየሳብኩ ነው፤ ነፋሱ ግን መልሶ እየገፋኝ ነው። ብዙ አልቆይም። ዓይኔን ቶሎ መልሺልኝ።»

ዓይኑን መመለስ ማለት የኮምፒውተሩን ፍጥነት መመለስ ነው። ፍጥነቱ ከተመለሰ ደግሞ ሙቀቱ ይመለሳል፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ከመቶ በታች የሚያቆመው ነገር የለም። ያኔ ነው ክፍሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው። ሁለት ማራገቢያ፣ የተወተፈ መስኮት፣ የተዘጋ በር። አየር ቅዝቃዜ አያመጣም፤ ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል እንጂ። እዚህ ግን መሄጃ ስላሳጡት ከኮምፒውተሩ የወሰደውን ዞሮ ለኮምፒውተሩ ያጎርሰዋል። ከጠዋት ጀምሮ ጀግናው ማራገቢያ የሚያራግበው ያንኑ አንድ ትኩሳት ነበር።

«አለቃ፣ መስኮቶቹን ይክፈቱልኝ።»

«አቧራው ይገባል እኮ፣ ልጄ።»

«ይግባ።»

አለቃ ዝጉት አንድ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጨርቆቹን በሁለት እጃቸው እየነቀሉ መሬት ላይ ጣሏቸው፣ መስኮቶቹን ወለል አድርገው ከፈቱ። አቧራው እየተንከባለለ ገባ፤ ከእሱ ጋር ግን ከቆርቆሮው ሥር ካለው አየር በብዙ የሚበርድ አየር ገባ። እሷ በሩን በእግሯ ከፍታ አንደኛውን ማራገቢያ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ በሩ ላይ አቆመችው፤ የክፍሉን ሙቀት ጎትቶ ወደ ደረጃው እንዲተፋው። ሁለተኛውን ከመስኮቱ ሥር አድርጋ የሚገባውን አየር ወደ ኮምፒውተሩ እንዲያቀብል አዞረችው። በሩ ላይ የቆመው በነፋሱ ሲወዛወዝ አለቃው ሄደው በደረታቸው ደገፉት።

ተመልሳ ተቀመጠች። ማክሰኞ ያዘዘችውን ትእዛዝ ፈልጋ አነሣችው።

ቁጥሩ ወዲያው ተነሣ። ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዘጠና ሦስት። ትንሿ ማራገቢያ እንደ ጥንዚዛ ጮኸች። ነጥቡም ዘለለ። የተሰለፉት መልእክቶች በሩ እንደተከፈተላቸው እየተጋፉ ገቡ፤ ነጥቡ ሦስት መቶውን ሜትር በጥቂት ዝላይ አቋርጦ የቀኙ ቋጥኝ ላይ ወጣ። ካርታው ላይ ድንጋዩና ጀልባው አንድ ሆነው ስታይ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ነጥቡ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ተስቦ ነበር። ሰዓቱን አየች። ስድስት ከሃያ ስድስት። ግድግዳውም ስድስት ከሃያ ስድስት።

«አየሁህ» አለችው። «አሁን ያለህበትን ነው የማየው። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አድርግና ቀስ ብለህ ወደፊት ስጥ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ከምንጊዜውም ይልቅ እርግጠኛ ባልሆነችበት ሰዓት ነው የጠየቃት። «ሰዓቱን እያየሁ ነው» አለችው። «ከአሁን በኋላ ዓይኔን ከላዩ አላነሣም።»

«ዘጠና ስድስት» አሉ አለቃው ከበሩ ላይ፣ ማራገቢያውን አቅፈው፣ ቅንድባቸው ላይ አቧራ ተቀምጦ። እሷ ግን ቁጥሩን ማየት ትታለች። ግራ አለች። ትንሽ ግራ። አሁን ቀጥ። ቀጥ። ነፋሱ ገፋህ፣ ግራ። በየቃሉ መካከል ነጥቡንና ሰዓቱን፣ ሰዓቱንና ነጥቡን ታያለች። አቧራ አፏ ገብቶ ጥርሷ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ነጥቡ በሁለቱ ቋጥኞች መካከል ገባ፤ ግራውም ቀኙም ከነጥቡ ጋር የተነካካ ይመስል ነበር። «ዘጠና ስምንት» አሉ አለቃው።

ነጥቡ ወጣ። በወደቡ ጸጥተኛ ውሃ ላይ ቆመ። በተከፈተው መስኮት በኩል የጀልባው ጥሩንባ፣ አንድ ጊዜ፣ ረዘም ብሎ ተሰማ። አለቃው ማራገቢያውን እንዳቀፉ አለቀሱ።

እሷ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ወደቡ ላይ ሰዎች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የአቧራ ቀለም ለብሰዋል። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበርክካለች። በጀልባው ቀኝ ጎን፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ ክንድ የሚያህል ጭረት ቀለሙን ልጦ ብረቱን አሳይቷል። ጭረቱ ትንሽ ጠለቅ ቢል ምን እንደሚሆን ላለማሰብ ፊቷን አዞረች።

አለቃው ተከትለዋት ወርደው ለሰዉ ሁሉ ያስረዳሉ። ሙቀቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሙቀቱን አልቻለም፣ የማንም ጥፋት የለበትም አሉ። ከልባቸው ነበር፤ እሳቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ሰዉም ሙቀቱ ነው እየተባባለ ራሱን ነቀነቀ። ቴርሞሜትር እዚያ ላይ ዝም ብትል ነገሩ ሙቀቱ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወንድሟ መጨረሻ ላይ ወረደ። ቀልዱ አልቆበት ነበር። ፊቱን በሸሚዙ ጠረገና አጠገቧ ቆመ።

«ሙቀቱ አይደለም፣ ጋሼ» አለችው። «እኔ ነኝ። ሲሞቅ እንዲዘገይ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ረስቼው ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ ቀዘቀዘ ብዬ ደስ አለኝ።»

የጀልባውን ጭረት ሲያይ ቆየ።

«ደስ እንዳለሽማ አውቄያለሁ» አለ። «እስከዚያ ድረስ ድምፅሽ ይርበተበት ነበር። አንቺ ስትርበተበቺ እኔም ፈርቼ በዝግታ ነበር የምነዳው። ከዚያ አይዞህ ስትይኝ ድምፅሽ ረጋ። ድንጋዩን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ያ ድምፅሽ ከጆሮዬ በለጠብኝ።» እጁን ወደፊት ገፋ አደረገ፣ የሞተሩን ዘንግ እንደሚገፋ። «ነዳጅ ጨመርኩ።»

እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።